ለእሁዱ ስልክ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ከልብስ ስፌት ሱቄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጃለሁና ሰላምታው ይቆይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም የስፌት መኪናዬም ሲጢጥ እያሉ ይሠራሉ።

አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። ሦስት ወር ሙሉ እንግሊዝኛ ስማር ነበር፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ። ለልጅሽ የእኛን ቋንቋ ስላላስተማርሻት አያቷ ተማሪ ሆነች። የሚያስጠኑኝ ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ እኔ ሱሪያቸውን አሳጥራለሁ፣ እሳቸው "ሃቭ" እና "ሃዝ"ን ያስጠኑኛል። እኛ አለኝ፣ አለሽ፣ አላት፣ አላቸው እያልን ለእያንዳንዱ ሰው ለክተን እንሰፋለን። እነሱ እኔንም አንቺንም እኛንም አንድ "ሃቭ" ያለብሱንና ለእሱና ለእሷ ሲሆን ብቻ "ሃዝ" ይላሉ። ይሄ ምን የሚሉት አሰፋፍ ነው እያልኩ ሰውየውን ጨቀጨቅኳቸው። ደብተር መያዝ ስለማልወድ የማጠናው በጠመኔ፣ የምቆርጠው ጨርቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሳላራግፈው ቀርቼ የአንድ ሙሽራ ኮት ጀርባው ላይ "ሺ ሃዝ" እንደተጻፈበት ሠርግ ሄደ። ሙሽሪት ናት ያስጻፈችው ተብሎ ተሳቀ አሉ።

ይህን ሁሉ የደከምኩት ልጅሽን ከራሷ አፍ ልሰማት ብዬ ነው። ባለፈው እሁድ "ግራንድማ ሃዝ ኤ ድሬስ" አልኳት፤ ቀሚስ ሰፍቼልሻለሁ ማለቴ ነው። እሷ ምን አለች?

"አይ ሃቭ ኖ ግራንድማ።"

አንቺ ቶሎ ስልኩን ተቀበልሻትና "እማ፣ ናፍቃኛለች እያለች ነው" አልሽኝ።

አያት የለኝም ነው ያለችው። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ የተረጎምሽልኝ "እወዳታለሁ"፣ "ሳሚልኝ" ሁሉ ያንቺ ድርሰት ነበር? ለልጅሽ እኔ ማን ነኝ፣ ቀሚስ የምትልክ ሴትዮ? እንዴት አስቻለሽ?

ስልኩን ዘግቼ ቀሚሱን ልቆራርጠው መቀስ አነሳሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እዚሁ በር ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ፣ ያን ሰው ላገባ ነው ብለሽ ስትሄጂ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" ያልኩሽ ትዝ አለኝ። ስምንት ዓመት ሆነው። አንዴ ዞር ብለሽ አየሽኝና ሄድሽ። ከዚያ በኋላ እንዳልተባለ አድርገን ስንደዋወል ኖርን። ልጅ የለኝም ያለች ሴት የልጅ ልጅ ከየት ታመጣለች?

አሁንም ተናድጃለሁ፤ ግማሹ ባንቺ ነው፣ ግማሹ በማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሁድ ስልኩን ለልጅቷ ስጪና ከክፍሉ ውጪ። አትተርጉሚልኝ። "ዩ ሃቭ ኤ ግራንድማ" ልላት ነው፤ መምህሩ አርመውልኛል። ለአንቺ የምለው ግን በእንግሊዝኛ አይመጣልኝም።

ቤትሽ ይሙቅ፣ እጅሽ አይዛል። ያን ሰውም ሰላም በይልኝ።

ልጅ ያላት፣
እናትሽ