ነጭ የቀባሁት ግድግዳ

ውድ ኦቦ ደቻሳ፣

ቤትዎ ሰኞ ይፈርሳል። ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ለሆናቸው ሰው ደብዳቤ መጻፍ እብደት መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ይህን ከእኔ ከራሴ መስማት አለብዎ።

ዘጠኝ ዓመት መዝገበ ቃላትዎን ስገለብጥ የቤቱን ሕግ ለምጄዋለሁ። አዲስ የኦሮምኛ ቃል ይዞ የመጣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ቃሉንና ስሙን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፉለት ነበር። በጆሮዎ ያልሰሙትን አንድም ቃል አይጽፉም ነበር። ገበሬው፣ ሊስትሮው፣ ከሱሉልታ ወተት የምታመጣው ሴትዮ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ።

ለሙት ዓመትዎ ግን ቤቱ ለእንግዳ መጽዳት ነበረበት። ባለቤትዎ አዴ ቦሰና ግድግዳው ጠቁሯል፣ ሰው ምን ይለናል አሉ። በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ገዝቼ በገዛ እጄ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ቃላቱና ስሞቹ እርስዎ በጻፏቸው ደብተሮች ላይ ስላሉ የጠፋ ነገር አልመሰለኝም። እንግዶቹ ቤቱ አማረ ሲሉ እኔ ጅሏ ደስ አለኝ።

ከዚያ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ እንደሚፈርስ ተነገረን። የቅርስ ባለሙያዋ ወይዘሮ መኪያ ደውለው፣ ጭቃ ቤትማ ሞልቷል፣ እኔ የማየው ያንን ግድግዳ ነው አሉ።

አዴ ቦሰና ከሰል አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

"የሱን እጅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሰሽ ጻፊው።"

ጻፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ደብተሮቹን እያየሁ፣ ወደ ቀኝ ዘመም የሚለው ፊደልዎ እንኳን ሳይቀረኝ። አልዋሽዎትም፣ ኮርቼበት ነበር።

ወይዘሮ መኪያ መጥተው ግድግዳው ፊት ብዙ ቆሙ። ፎቶ አነሱ። ቅጹን ሞልተው ሊፈርሙ ሲሉ ቀና አሉ።

"የኦቦ ደቻሳ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው አይደል?"

አዴ ቦሰና ክርኔን ጨበጡኝ። የቀረው አንድ "አዎ" ብቻ ነበር። ዓይኔ የወተቷ ሴትዮ ስም ላይ አረፈ። ከስሟ ጎን ያለውን ቃል ከአፏ የሰሙት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም።

"የእኔ ነው" አልኩ። "የሳቸው ከቀለሙ ስር ነው።"

አዴ ቦሰና ክርኔን ለቀቁት። ባለሙያዋ ምናልባት ይተርፍ ይሆናል ብለው እርጥብ ጨርቅ አስመጡና ጥጉን ቀስ አድርገው ፈተጉት። መጀመሪያ የእኔ ከሰል፣ ቀጥሎ ነጩ ቀለም፣ ከዚያም የእርስዎ ከሰል ተራ በተራ ጨርቁ ላይ ወጣ። ግድግዳው ላይ ጭቃ ብቻ ቀረ። ቅጹን ሳይፈርሙ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አዴ ቦሰና ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። ሰበታ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ትናንት ዕቃ ላግዝ ብዬ ብሄድ በሩን አልከፈቱልኝም። አልፈርድባቸውም፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ ዶዘሩ ሲመጣ እዚያው እቆማለሁ፤ ይህን ቃል እገባልዎታለሁ። እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትኩም ብዬ ብጽፍልዎ ግን ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

ጽሑፍዎን ስትገለብጥ የኖረችው
ኤዶም
ቡራዩ