እንሰት የሚፋቅበት ግቢ

ሰኞ

…የእንሰቱን ችግኞች ከቦኖሻ በፈረስ ሲያመጣ ዝናብ ነበር፣ ወይም አልነበረም፣ ባሌ ሎምባሞ ግን እየሳቀ… ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል። ከሞተ ክረምቱ አልፏል። ሞቱ ያስለቅሰኛል ብዬ እጠብቃለሁ። አያስለቅሰኝም።

ዛሬ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር የእንሰቱን ቦታ በራሴ ስም መዝግብልኝ አልኩት።

«መሬት ላራሹ ነው የተባለው። አንቺ በሬ ጠምደሽ ታርሻለሽ?»

እንሰት በሬ አይፈልግም አልኩ። ሳቀ። ቦታው በዋርሳዬ፣ በባሌ ወንድም በሀንዲሶ ስም ይሆናል አለ፤ እኔም እንደ ወጉ የእሱ ሚስት እሆናለሁ። ረቡዕ የማኅበሩ ሰዎች ቦታውን ለክተው ያስረክቡታል።

ሀንዲሶ ክፉ ሰው አይደለም። የሚከብደውም ይኸው ነው።

ማክሰኞ

የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ ወንድ ሴት ሳይለይ ሲል ሰምቻለሁ። እዚህ ማን ይሰማኛል? ለጎረቤቴ ለአየለች ነገርኳት።

«አዋጁን ተዪውና ነገ እንፋቅ» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ግቢ ወንድ እግሩን አያስገባም። አባቶቻቸው አላስገቡም። የማኅበሩ ሰዎችም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ እየፋቅን ሊለኩ አይገቡም።

ረቡዕ

ሳይነጋ ትልልቆቹን እንሰቶች ቆርጠን ጣልን። ሴቶቹ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። ረፋዱ ላይ ሊቀ መንበሩ፣ ገመድ የያዙ ለኪዎችና ከሆሳዕና የተላከ ካድሬ መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ!» አለ ካድሬው።

«ጓድ፣ ሴቶች እየፋቁ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ታዲያ ቢፍቁስ?»

«ይግባ፣ ይግባ!» አለች አየለች። «መፋቂያ አናጣለትም!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ካድሬው አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር ቢል የተከተለው የለም። አወጣው።

ሐሙስ

መጡ። ቆሙ። ሄዱ።

የደረሰው እንሰት አለቀ። ቆጮው የሚቀበርበት ጉድጓድ ሞላ። ነገም ይመጣሉ። የምንፍቀው ከሌለ ይገባሉ።

ዓርብ

ለጋውን ጀመርን። ውሃ ብቻ ነው፤ ለቆጮ የሚሆን የለውም። ከርሞ የምንበላውን፣ ከዚያም በኋላ የምንበላውን እየጣልኩ ነው። ልጄ ምን ልንበላ ነው አለችኝ። ቅጠሉን ሰብስቢ አልኳት።

እጄ ይሸታል ይሉኛል። ለእኔ አይሸተኝም።

ሊቀ መንበሩ ዛሬ ሳይሳደብ ሄደ። ማታ ገደማ ሀንዲሶ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ባዶውን ቦታ አየ።

«የወንድሜን እንሰት ጨረስሽው።»

«አዎ።»

«እኔን ይህን ያህል ጠላሽኝ?»

«አንተን አይደለም።»

«ይብቃሽ በቃ፣ የቀረውን አትንኪው። እኔ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ» አለ።

ምን ብሎ እንደሚያነጋግራቸው አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ

የማኅበሩ ሸንጎ አስጠራን። ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ከሀንዲሶ ጎን ተቀመጥኩ። ውስጥ ይከራከራሉ፤ ቃሉ አይለይም።

«እህል ቀምሰሻል?» አለኝ።

«አዎ።» አልቀመስኩም።

ትናንት ምን እንዳላቸው ፊቱ ላይ ፈለግሁ። መሬት መሬት ያያል።

ሊቀ መንበሩ የመሬቱን መዝገብ እንደያዘ ብቅ አለ። የሎምባሞ ሚስት ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ማርታ ትግባ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

ሀንዲሶም ተነሣ።

«እሷ ብቻ» አለው ሊቀ መንበሩ።

ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አልፌው ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።