ግመሏ ያላመሰኳችበት ፒክአፕ

ልጄ ሙሰለም፣ አላህ በዚያ ብርዳም አገር ጤናህን ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን፤ አሮጊቷ አያትህ «ካፖርት ይለብስ ይሆን?» ማለቷን አልተወችም።

ስትመለስ ከሁለቱ የመኪና ፋብሪካዎች፣ ከባኺት መኪና ፋብሪካና ከእኔው፣ የየትኛውን የናፍጣ ፒክአፕ እንግዛልህ ብለን ዛሬ ውድድር አደረግን። ጎረቤታችን ባኺት በእሱ ፒክአፕ፣ እኔ በእኔው፣ ከኋላ አንድ አንድ ግመል ጭነን ዳገቱን ወጣን። አሸናፊው ግመሉ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ያመሰኳለት ነው። የእኔው ፒክአፕ ጉልበቱ ጉድ ያሰኛል፤ ግመሏ ግን ዳገቱ መሃል ላይ ማመስኳቷን ተወች። የባኺት ግመል እያመሰኳች ደረሰች።

«ሽማግሌው፣ መኪናህ ግመል ያስጨንቃል» አለኝ እየሳቀ።

«መኪናው ምን አደረገ? ዘፈኔ ነው እንጂ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ደስ ብሎኝ እየጮህኩ እዘፍን ነበር።

አሁን ቤተሰቡ ሁሉ የባኺትን ዓይነት እንግዛ ይላል። እባክህ ሳትመጣ እሺ እንዳትላቸው። ስትመጣ ውድድሩን በእኔው መኪና እንደግመዋለን፤ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከጎንህ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

አያትህ ሙሓድ