አባባ የተሸነፈ ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ ለኢንዳ፣

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያስጮህሃል? ሚስትህ ካረን እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ታራና ሉክ? መቼም ቁመታቸው ካንተ ሳይደርስ አልቀረም። እናንተ ዘንድ ፀሐዩ አናት ይበሳል ብለኸኛል፤ እኛ ደግሞ ፀሐይ የሚባል ነገር መኖሩን የምናውቀው አንተ ስትደውል ነው። ዝናቡ ከገባ አልወጣም። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። ባለቤቴ ዲክላን ጉንፋን ጥሎት ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ተነስቶ በወጡ ጨው ማጉረምረም ስለጀመረ ድኗል ማለት ነው።

ብዕር ያነሳሁት ግን የአባባን ነገር በስልክ መጨረስ ስላልቻልኩ ነው። ባለፈው በዚህ ዝናብ ጎልፍ ሜዳ እንዳይወጣ ከልክይው ብለኸኝ ነበር። አልከለከልኩትም። እንዲያውም ይዤው የሄድኩት፣ የመምቻ ዱላዎቹንም ጋሪ የጎተትኩለት እኔው ነኝ። ከመቆጣትህ በፊት እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የእጁ መንቀጥቀጥ ከፋሲካ ወዲህ ብሶበታል። ሻይ ሲጠጣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ግማሹ ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ከሕመሙ ይልቅ የጎዳው ግን የጎልፍ ማኅበሩ ሰዎች ደግነት ነው። ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ፤ ኳስህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ተጋጣሚህ «ሰጥቼሃለሁ፣ አንሳት» ካለህ መትተህ እንዳስገባሃት ይቆጠርልሃል። ድሮ ለአባባ የሚሰጡት ኳሷ ለመግባት ትንሽ ሲቀራት ነበር። በጋው ላይ ስንዝር ሆነ፣ ቀጥሎ ክንድ፤ መስከረም ላይ ጭራሽ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ጥሩ ነው ማላኪ፣ አንሳት» ይሉት ጀመር። የሚያሳዝነው ይህን የሚያደርጉት ከልባቸው ወደውት መሆኑ ነው። እሱ ግን ቤት ይገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጨዋታው እንዴት ነበር ስለው «ምጽዋት ሰብስቤ መጣሁ» ይለኛል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ ማኅበሩ ለገና የሚወጣው የጨዋታ ጉዞ የመጨረሻዬ ነው፣ ዱላዎቹን ለኢንዳ ልጅ አስቀምጪለት አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። እንዲያው ዝም ብሎ ነው ያለው፣ እኔም ፈራሁ።

የገናው ጉዞ ዘንድሮ ከገደሉ በላይ ያለው፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያየው ሜዳ ላይ ነበር። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ የዘረጋ ሁሉ ጃንጥላውን ሲያሳድድ ዋለ። ኳስ በወደቀ ቁጥር ጭቃው ይውጠዋል። በክረምት አንስቶ መጥረግ ባይፈቀድ ኖሮ ድንች ስንለቅም የዋልን በመሰልን ነበር። የማኅበሩ ካፒቴን ኮርማክ ገና ሳንጀምር ሰብስቦን፣ ከመካከላችሁ ብልህ ሰው ካለ አሁኑኑ ቤቱ ይግባ ቢል ማንም ንቅንቅ አላለም። ጨዋታው አንድ ለአንድ ነው፤ ያሸነፈ አንድ ጥቅል ቋሊማ ይወስዳል። ለዚህች ቋሊማ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ሽማግሌ የሚበሰብሰው።

ዕጣ ሲወጣ አባባ ማን ቢደርሰው ጥሩ ነው? ፊንታን። ያ ፖስታ ያድል የነበረው፣ እማማ ነፍሷን ይማርና ምላሱ ከብስክሌቱ ይፈጥናል የምትለው ፊንታን። በጋውን ሙሉ ጉልበቱን ታሞ ከቤት አልወጣም ነበር። ገና ሳይጀምሩ ቋሊማውን በሽንኩርት እንደሚወደው ለአባባ ነገረው። አባባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰሩን ቀጠለ፤ ድሮ ቢሆን አፍ አፉን ይለው ነበር።

አባባ አርቆ መምታት አይችልም፣ ግን አቅጣጫ አይስትም። ፊንታን አርቆ ይመታና ኳሱን ቁጥቋጦ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። እንዲህ እንዲያ እያሉ እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሱ። ፊንታን አስገባ። ለአባባ አንዲት ምት ቀረችው፤ ካስገባ እኩል ይወጣሉ፣ ከሳተ ተሸነፈ። ኳሷ ከጉድጓዱ ብትርቅ አንድ ክንድ ነው። ቀድመው የጨረሱት ሁሉ የሜዳው ክበብ ቤት በረንዳ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ ድረስ ይታያል።

«ፊንታን፣ በል ስጠውና እንግባ። ሾርባው ቀዘቀዘ» አለ ኮርማክ። አባባ ኳሷን ለማንሳት ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር።

«አልሰጥም» አለ ፊንታን። «ይምታት።»

ኢንዳ ሙት፣ ያን ሰውዬ በያዝኩት ጃንጥላ ልለው ምንም አልቀረኝም። አባባ ግን ቀና ብሎ ትኩር አድርጎ አየው።

«አንተ ቆንቋና» አለው።

«ይሉኛል» አለ ፊንታን። «ምታ በል፣ እየበሰበስን ነው።»

አባባ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እግሩን አስተካከለ። ዱላውን ያነሳና እጁ አልታዘዝ ሲለው ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያነሳል። ማንም አላጣደፈውም። በመጨረሻ መታት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ ውሃ ያቆረ ሳር ላይ ስትደርስ ዘመም አለች፣ የጉድጓዱን ከንፈር ታክካ አለፈችና ቆመች። ሳተ። ፊንታን ቆቡን አውልቆ እጁን ዘረጋለትና ቋሊማው የኔ ነው አለው። አባባ ሳቀ። ሳቀ ስልህ ሳል እስኪይዘው ድረስ ነው የሳቀው። እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። ፊንታን ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ካልሲውን ሲጨምቅ አገኘሁትና ብትሰጠው ምን ትሆን ነበር አልኩት።

ቀና እንኳ ሳይል፣ «ኖረን፣ አባትሽ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ኳስ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እኔም ሰጥቼው አላውቅም» አለኝ። «ዛሬ ብሰጠው ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጫወት ነው?»

ካልሲውን ተቀብዬ ማሞቂያው ላይ አሰጣሁለት።

መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አባባ አፉ አልተዘጋም። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የሳሩ እንደሆነ፣ ፊንታን ከጉልበቱ ይልቅ ዓይኑን ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ አወራኝ። የጥር ወሩ ጉዞ መቼ እንደሆነም ጠየቀኝ። ቤት ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው የካፖርቱን ቁልፍ ልፈታለት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እሱ ከቁልፎቹ ጋር ሲታገል የቀዳሁት ሻይ ቀዘቀዘ። ሁሉንም ራሱ ፈታቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው አትጨነቅ።

ስለዚህ ወንድሜ አልከለክለውም። ብርዱ ሊጥለው ይችላል፣ እሱንም እፈራለሁ። ግን እኛ ስንሳሳለት ከእጃችን እያለቀብን ነበር። ሐምሌ ላይ ስትመጡ አብራችሁ ትጫወታላችሁ፤ አደራህን አንዲት ኳስ እንዳትሰጠው።

ካረንን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ታራ የላከችው ሥዕል አባባ አልጋ ራስጌ ላይ ተሰቅሏል። ሉክን ዱላዎቹ ገና ባለቤት አላቸው በለው። ዲክላን በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። አክስታችን ኡና ትመርቅሃለች፤ ለምን አትደውልም ብላ ትወቅስሃለችም። አባባ ይኸው ሳሎን ነው፤ ለኢንዳ ምን ብዬ ልጻፍለት ብለው፣ «በፊንታን ተሸነፈ ብለሽ ጻፊለት፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ» አለኝ።

እህትህ ኖረን
ኪልቫራን፣ ክሌር፣ አየርላንድ
ዲሴምበር 16 ቀን 2018