ውሃ የማትጠጣዋ ናና

ይማምዬ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፤

ከተለየኸኝ ድፍን አራት ወር ከአስር ቀን ሆነ። ለባል የሚቀመጡትን ኢዳ ትናንት ጨረስኩና ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ጓሮህ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ናፍቆቴን ልጽፍልህ ነበር ያሰብኩት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ጉድህ ስለወጣ መጀመሪያ ልጣላህ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ከድር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቷል፤ በየእሁዱ ይመጣል። የቲማቲም ችግኝ ከዚያ ከሙቀቱ አምጥቶ ብንተክለው የደሴ ብርድ በሦስት ቀን ጨረሰው። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ዘግይቶ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር ተቀምጠን ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሰዉ ሲሰለፍ ከረመ። እኔም የተገኘችዋን በቅርቡ ለተከልኩት ጎመንና ቃሪያ ሳካፍል ናናህን ጠብታ አላስነካኋትም። "ይቺ ውሃ አትፈልግም፣ በእጄ በረካ ነው የምትኖረው፣ ማንም ሥሯን እንዳይነካ!" ስትል አልኖርክም? ሃያ ዓመት ያከበርኩትን ቃል ከሞትክ በኋላ ላፈርስ ነው?

ታስታውስ የለ፣ በበጋ ጓሮው ሁሉ ሲደርቅ እሷ ብቻ ለምልማ ትታይ ነበር። ጎረቤቱ ለሻዩ ከእሷ እየቀጠፈ አንተን ሲመርቅ ይውላል። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ "ጓዶች፣ ጓሯችሁን አልሙ" እያለ ቤት ለቤት ሲዞር መጥቶ ምስጢሩን ጠየቀህ። ጢምህን እየዳበስክ "የአላህ በረካ ነው" አልከው፤ እሱ ደብተሩ ላይ "በተባበረ ክንድ" ብሎ ጻፈ። እኔ በር ሥር ሆኜ ሳቄን በሻሼ አፈንኩ። አንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ ደረትህን ነፍተህ ሰነበትክ።

እንግዲህ አንተ በሄድክ በወሩ ናናዋ ጠወለገች። መጀመሪያ ጫፏ ጠቆረ፣ ከዚያ ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር። ጎረቤቶች አጠገቧ ቆመው ከንፈራቸውን እየመጠጡ "ባለቤቷን ተከትላ ልትሄድ ነው" አሉ። አንዷማ እንባዋን አፈሰሰችላት፤ ላንተ ያን ያህል አላለቀሰችም፣ ልንገርህ። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ልብስህ ለሰደቃ ወጥቷል፤ ከእጅህ ሥራ በሕይወት የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። እሷም ከሄደች ሁለተኛ ልቀብርህ መሰለኝ።

በዚህ መሐል እህትህ ፋጡማ የፍየል በጠጥ በጆንያ ተሸክማ ከቦሩ ሜዳ መጣች። "የወንድሜ ናና እኔ እያለሁ አትሞትም፣ ወላሂ!" ብላ በጠጡን ሥሯ አለበሰቻት። ሁለት ሳምንት ተቀመጠች፤ ናናዋም አዲስ ቅጠል አወጣች። ፋጡማ በረካው ለእሷም እንደ ደረሳት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ፣ ተመርቃ፣ ተኩራርታ ወደ አገሯ ገባች። በሄደች በሳምንቱ ናናዋ ደግማ አጎነበሰች።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። በጠጡ እዚያው አለ፤ የሄደችው ፋጡማ ናት። ታዲያ ፋጡማ ምን ስታደርግ ነበር? እኔ ውዱዬን በረንዳ ላይ በሳፋ ነው የማደርገው፤ እሷ ግን እንዳንተው ጓሮ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በማንቆርቆሪያህ በቀን አምስት ጊዜ ትታጠብ ነበር። ሄጄ የድንጋይዋን ዙሪያ አየሁ። ከሥሯ ጣት የምታህል ቦይ ተነስታ፣ በደረቅ ቅጠል ተሸፍና፣ ቀጥ ብላ ናናዋ ሥር ትገባለች።

ይማም! ያቺን ቦይ ማን ቆፈራት? መላኢካ ነው እንዳትለኝ፤ ዳር ዳሯን ጠጠር የደረደርክበትን እጅህን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእግርህን እጣቢ እያጠጣሃት በረካ ነው ስትለን! መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ድንጋይህ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ብቻዬን መሳቄ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበሩ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ ናናዋን እንደገና ለምልማ ቢያያት ምስጢሩን ጠየቀኝ። አይዞህ፣ አላዋረድኩህም። "የአላህ በረካ ነው" አልኩት። ምን ብሎ እንደ ጻፈ አንተው ታውቃለህ።

አንድ ነገር ግን ልመንልህ። ለሱብሂ "ዘይነብ ተነሽ!" እያልክ ስትጎተጉተኝ ብርድ ልብሱን ጭንቅላቴ ላይ እስብ የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን ጎህ ሲቀድ በዚያ በጦሳ ተራራ ብርድ ድንጋይህ ላይ ነኝ። ናናህ አምስቱንም ሰዓት ትጠብቀኛለች፤ ከሰነፍኩ ቅጠሏን ጥላ ታሳጣኛለች። ሠላሳ ዓመት ለምነህ ያልሆነልህን ሞተህ አስደረግከኝ። እጄን በታጠብኩ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ እግሬ ላይ ስደርስ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ውሃውን ቦይህ ይወስደዋል።

ያንተዋ ዘይነብ