ለእናቴ፣ ስለ ጥቁሩ ፕሮፔለር

እማ፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ተለይተሽን ኖረሻል፤ ስለዚህ ያለ አንቺ መኖር ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር አለመደወልሽ ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስልኬ ሲጠራ አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ሳነሳው የጀልባ ቀጠሮ የሚጠይቅ ሰው ይሆናል።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ እዋሻለሁ፤ አንቺን መዋሸት ደግሞ በቅቶኛል። የሳሎኑን ኮርኒስ ዝናብ ገብቶበት ጥጉን አበስብሶታል። አክስቴ ዘሃራ ጉልበቷን እያመማት ወደ ገበያ መውጣት ትታለች። አልጋሽ ላይ ማንንም አታስተኛም፤ እንግዳ ቢመጣ እሷ መሬት አንጥፋ የራሷን ትለቅለታለች እንጂ ያንቺን አታስነካም። ከጅዳ ያመጣሽው ሻንጣ አልጋው ሥር ነው። ስልክሽም እዚያው ውስጥ ነው፣ እንደጠፋ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ፕሮፔለሩ ነው። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ ከሥሩ ልናገረው።

ጅዳ ስትሄጂ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰው ቤት ገባሽ። አሠሪዎችሽ ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ ነበረቻቸው፤ ባሕር ሲወጡ አንቺን ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ያስቀምጡሽ ነበር፤ ልጆቹ ሲያስመልሳቸው ግንባራቸውን እንድትይዢ። እኔ እዚህ መካነ ሰላም ኩፍኝ ይዞኝ ስቃጠል ግንባሬን የያዘችኝ አክስቴ ዘሃራ ናት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ሞተሻል ብዬ አልደብቅሽም።

እዚያ ተቀምጠሽ ግን ዓይንሽም ጆሮሽም ሥራ አልፈታም። ጀልባዋን የሚነዳው ሽማግሌ ከሞተሩ ሥር እየዞረ ውሃውን የሚገፋ ሁለት ፕሮፔለር ነበረው። ጌታው ከጓደኞቹ ጋር ብቻ ሲወጣ አንዱን ይገጥማል፣ ቤተሰቡ ከነጓዙ ሲሞላባት ሌላውን። ለምን ብለሽ ጠየቅሽው፤ ነገረሽ። አንቺም ያዝሽው።

እኔ ወደ አባይ በረሃ ወርጄ ሰው የማዝናናበት ጀልባ ላቁም ስልሽ አልሳቅሽብኝም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ወጣቱ ለሽርሽር ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ሙሽሮችም ቪዲዮ ለመቀረጽ ይመጣሉ። ጀልባዋንና ያገለገለውን ሞተር ከባሕር ዳር ገዛሁ፣ ባንቺ ላብ። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ክንፉ የተቆረሰ ስለነበር ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። የዘንጉን ጥርስ ቆጥረህ ላክልኝ አልሽ፤ ቆጥሬ ላክሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር በሻሽሽ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ድርብ ቋጠሮ ታስሮ፣ ወደ አገሯ በምትመለስ የወግዲ ልጅ ሻንጣ ውስጥ መጣልኝ።

በስልክም አስረዳሽኝ። ጎኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ርምጃው፤ አንዴ ሲዞር ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራመድ ማለት ነው አልሽኝ። ርምጃው ረዥም ከሆነ ባዶ ጀልባ ይበራል፣ ሰው ሲሞላ ግን ሞተሩ ያቃስታል። በጣም ካጠረም ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል። ያንተ ሞተር ትንሽ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ከባሕሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ርምጃው አጠር ያለውን፣ የላክሁልህን ግጠም። የተጫነች አህያ ዳገት ላይ ርምጃዋን ታሳጥር የለም እንዴ አልሽኝ። ለሞላባት ቀን ምረጥ እንጂ ለባዶው ቀን አትምረጥ።

ይህን ሁሉ ስትናገሪ ስልኩ ክፍት ሆኖ ጓደኞቼ እየሰሙ ነበር። እኔ ደግሞ ልቤ የተሰቀለው ባሕር ዳር ያየሁት የሚያብረቀርቅ የብረት ፕሮፔለር ላይ ነው፤ ርምጃው ረዥም፣ ክንፉ ፊት የሚያሳይ መስታወት። እነሱን ለማሳቅ ብዬ «እማ፣ አንቺ ዳይፐሩን ቀይሪ፣ ሞተሩን ለኔ ተይው» አልኩሽ። ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ሌላው ሁሉ ይረሳኝና የዚያን ዕለት ሳቅሽ አይረሳኝም፤ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የሚያብረቀርቀውን ገዝቼ ገጠምኩ። አንቺ የላክሽልኝን ጥቁሩን ደግሞ ቋጠሮውን እንኳ ሳልፈታ ከጎተራው ጀርባ ወተፍኩት። ከዚያ የላክሽልኝን ገጥሜዋለሁ ብዬ ዋሸሁሽ፤ ለምስክር ባዶ ጀልባ ስትበር ቀርጬ ላክሁልሽ። አየሽው። ማሻአላህ ካልሽ በኋላ፣ ሰው ስትጭን ደግሞ ቀርጸህ ላክልኝ አልሽ።

አልላክሁልሽም። እንዴት ልላክ? በመጀመሪያው ሠርግ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ጭኜ ገና ከዳር ስንርቅ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ቂጧን ውሃ ውስጥ ነክራ ቀረች። ነዳጁን ብሰጠው ብሰጠው ጭስ ብቻ። ውሃው ወደ ታች ሲወስደን ሚዜዎቹ በእንጨት እየቀዘፉ አወጡን፤ የሙሽራይቱ ቬሎ እስከ ጉልበቷ ረጠበ። ዳር የቆሙት የሚኒባስ ሹፌሮች «ተዋት፣ ጀልባህ ዱዓ ላይ ናት» አሉኝ። ስሟ በዚያው ዱዓ ሆኖ ቀረ።

ፕሮፔለሩን ለመለወጥ አንድ ዳዶ ፈትቶ አንድ ፒን መንቀል ነበር ሥራው። ቁርስ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ! እኔ ግን ሁለት ሁለት ሰው ብቻ እየጫንኩ፣ ለደኅንነት ነው እያልኩ ሁለት በጋ ገፋሁ። ጥቁሩን ብገጥም ጓደኞቼ እናትህ አሸነፈችህ ይሉኛል ብዬ ነው። በየጁምዓው ትጠይቂኛለሽ፣ በየጁምዓው ካሜራው ተበላሽቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ ሰው ቀረ እልሻለሁ።

ከዚያ ኩላሊትሽ ታሞ መጣሽ። ሚያዝያ ነበር፣ አባይ ረግቶ ጥርት ያለበት ጊዜ። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንሽኝ፤ ጀልባዋን አሳየኝ። መንገዱ ይንጥሻል አልኩሽ። በረሃው ይጎዳሻል አልኩሽ። እውነት ነው፣ መንገዱም ይንጣል፣ በረሃውም ይጎዳል፤ እኔ ግን የፈራሁት ኋላ ቆመሽ ያንን ብረት ሲያብረቀርቅ እንዳታይው ነው። ክረምቱ ገብቶ ውሃው ሲደፈርስ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ለመስከረም አደርስሻለሁ አልኩሽ። ነሐሴ ላይ ቀበርንሽ።

የአርባሽ ሰደቃ ካለፈ በኋላ አክስቴ ዘሃራ ጠራችኝ። ሰኔ ላይ የዶሮ እንቁላል ስትፈልጊ ከጎተራው ጀርባ እጅሽን ሰደድሽ አለችኝ። ያወጣሽው እንቁላል አይደለም። ሻሽሽን አወቅሽው፣ ቋጠሮሽንም አወቅሽው። ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ ትንሽ ዳሰስሽው፣ ከዚያ መልሰሽ እንደነበረ ወተፍሽው። «ዘሃራ፣ እንዳትነግሪው፤ ልጁ ያፍራል» አልሽ አለችኝ።

እማ፣ ለምን አልጮህሽብኝም? ለምን ጎትተሽ አውጥተሽ እፊቴ አልወረወርሽውም? ጎረቤት ሰብስበሽ ብታዋርጂኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት በስልክ አሳደግሽኝ፤ ተቆጥተሽኝ አታውቂም፤ የሩቅ እናት ልጇን መቆጣት ትፈራለች መሰለኝ። እዚህም መጥተሽ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን፣ እንደ ሩቅ እናት ዝም አልሽኝ። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ እያወቅሽ ለመስከረም የምነግርሽን ተስፋ እሺ እያልሽ ሰማሽኝ። በራሴ እናደዳለሁ፤ ባንቺም እናደዳለሁ፤ ይህንንም የምናገርበት ጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ቋጠሮውን ፈታሁት። ድርብ አድርገሽ ስላጠበቅሽው ጥፍሬ ተላጠ እንጂ በቢላ አልቆረጥኩትም። ጥቁሩን ገጠምኩ፣ ጥርሱ ልክክ አለ። አክስቴን ዘሃራን ጉልበቷን እያመማት ወደ አባይ አወረድኳት፤ ገላሽን ያጠቡትን ሴቶችም ሁሉ። ጀልባዋ ሞልታ ከንፈሯ ውሃ ሊነካ ደረሰ። ነዳጅ ሰጠሁት። መጀመሪያ አፍንጫዋን ትንሽ አነሳች፣ ከዚያ ዝቅ አደረገችና ሄደች። ሞተሩ አላቃሰተም፣ አልጮኸም። ሴቶቹ ማሻአላህ እያሉ አንድ ላይ ተያያዙ። እኔ በአንድ እጄ እየነዳሁ በሌላው ቀረጽኩት፤ ያ ስትለምኚኝ የኖርሽው ቪዲዮ። ሄደች፣ እማ። እንደሱ ከምትሄድ ብትሰጥም ይሻለኝ ነበር።

ዳር ስንደርስ እነዚያው ሹፌሮች ከበቡኝ። ዱዓው ሰመረልህ፣ ምን አድርገሃት ነው አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ያንቺን ስም ልጠራ ነበር። «ትንሽ አስተካከልኳት» አልኩ።

አክስቴ ዘሃራ ሰማችኝ። ሻሿን አስተካክላ ወደ ውሃው ዞረች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልክ እንዳንቺ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አትሜ ድልድዩ አጠገብ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ዳስ እለጥፈዋለሁ። የሚያብረቀርቀውን ብረት ከሥሩ እሰቅለዋለሁ፤ ጠዋት ስገባ ፊቴን የማይበት መስታወት ይሁነኝ። ዝናብ ደብዳቤውን ቢያጥበው ሌላ እለጥፋለሁ። እኔ አፌ ቢያዝብኝ እንኳ ወረቀቱ ይናገርልሽ፦ የዚችን ጀልባ ፕሮፔለር የመረጠችው እናቴ ፋጡማ ናት።

ልጅሽ