አጥራቸውን ያልከፈቱት የሩዝና የድንች ገበሬ

ሰፈርተኛው «እማማ እምቢ» የሚላቸው እናት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛ፣ ለሴቶቹ የመጀመሪያ ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ሰባተኛን ያልቀጠሉት ሰንፈው ሳይሆን ወንድሞቻቸው ይቅደሙ ተብሎ ነው፤ ይህ ሳይነገር እንዳይታለፍ ራሳቸው አደራ ብለዋል።

በ1970 ዓ.ም. የሩዝ ገበሬ አግብተው ሦስት ሴት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው በ1983 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ የባለቤታቸው ወንድሞች ሴት ብቻዋን ሩዝ አታበቅልም፣ መሬቱን እንረከብ ብለው መጡ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ያን ዕለት በሰጡት መልስ ነው።

በዓመት አንዴ የሚታጨድ ሩዝ አራት ነፍስ አላኖር ስላለ፣ ሩዙ እንደተነሣ በመሬቱ ርጥበት ድንች ሊያበቅሉ ቆረጡ። እውነቱ ይነገር፣ በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ሳይንጣፈፍ በደልዳላው ላይ ተክለው ዘሩ እንዳለ በሰበሰ። ያልሳቀባቸው አልነበረም። በዓመቱ ቦይ ቀደዱ፣ መደብ አነሡ፣ የሩዙን ገለባ አልብሰው ደገሙት።

ፈተናው ግን ገና ነበር። በመንደሩ ደንብ ሩዝ ከታጨደ በኋላ አጥር ሁሉ ተከፍቶ የሁሉም ከብት በየማሳው ይግጣል። እሳቸው አልከፈቱም። ሽማግሌዎች ጠርተው ደንብ ጣስሽ ሲሏቸው፣ «ደንቡ ከብቱን አጠገበ፤ ልጆቼን መቼ አጠገበልኝ? ድንቼ ሳይወጣ በሬ አይገባም፤ ከገባም እኔን ረግጦ ነው» አሉ። ድንቹ እስኪደርስ ሦስት ወር ሙሉ ከአጥሩ በር አልተነሡም፤ ምሳቸውን እንኳ ልጆቻቸው እዚያው ያመጡላቸው ነበር። አንድም በሬ አልገባም።

ከዚያ ወዲያ ከአንዱ ማሳ በየዓመቱ ሁለት ምርት ገባ፤ ልጆቻቸውም ከትምህርት ገበታ አልቀሩም። ታላቋ አዋላጅ፣ መካከለኛዋ አስተማሪ ሆኑ፤ ታናሿ ተምራ ስታበቃ በገዛ ፈቃዷ ወደ ማሳው ተመለሰች። የሳቁት ጎረቤቶችም ዘር ድንች የወሰዱት ከእሳቸው ነው፤ ማመስገኑን ግን ረስተውታል።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሐኪማቸው ከቤት አትውጪ ቢሏቸውም እስከ መጨረሻው ሳምንት ከማሳው ዳር አልጠፉም። ሦስት ልጆችና ስምንት የልጅ ልጆች አሏቸው።

ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ከቀብር መልስ ስለ መሬቱ ሊመክሩ ቀጠሮ የያዙ ዘመዶች እንዳሉም ሰምተናል። አትድከሙ። ድንቹ የካቲት ላይ ይወጣል፣ ሰኔ ላይ ሩዝ ይዘራል፤ የምታርሰውም ልጃቸው ናት።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን፣ ገና ብዙ የሚጠብቀን አለና።